ምላጩ ለምን ጠነከረ?

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ጠመንጃ ብረት ምን አግብቶት ይጽፋል የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴም ሆይ፣ እኔም በጊዜው ይህንኑ ጥያቄ ራሴን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች የምተርከው ነገር ባልደረሰ ነበር። ነገር ግን አልጠየቅሁም፤ ሞረድ አነሣሁ።

አገሬ መንዝ ነው። በቤታችን ምሰሶ ላይ አንድ ጠመንጃ ተሰቅሎ ይኖራል። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ቅድመ አያቴ በዱር በገደል ይዘውት የዞሩት ነው። ስሙን ቤልጅግ እንለዋለን፤ የተሠራው በቤልጅግ አገር በኤርስታል ከተማ ሲሆን፣ አሠራሩ ግን የጀርመን ጦር በ1898 እ.ኤ.አ. የተቀበለው የማውዘር አሠራር ነው። አያቴ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት አስመዝግበው ፈቃድ አውጥተውበታል። የሚተኩሱበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ጅብ በረት ሲጠጋ ወይም የታላቅ ሰው ለቅሶ ሲሆን ብቻ ነው። ሲያጸዱት ግን በየሳምንቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እንደ ልጅ አቅፈው ነው።

ምላጭ የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ጢም የሚላጭበትም ምላጭ ነው፤ በጣት ሲሳብ ጠመንጃውን የሚያስተኩሰው ብረትም ምላጭ ነው። ቃታ የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ በእኛ ቤት ግን ምላጭ ነው የሚባለው። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የሳተ እጅ ሥራውን መመለስ አይችልም።

የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሬ ገባሁ። አባባ ለመምጣቴ ደስታ 3 ጥይት ሰጡኝና ከገብሱ ማሳ ማዶ፣ ከገደሉ ሥር ያለች ነጭ ድንጋይ እንድመታ አዘዙኝ። ሦስቱንም ሳትሁ። የአክስቴ ልጅ፣ የ9 ዓመት ብላቴና፣ ሣሩ ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። አባባ ምንም አላሉም፤ የእሳቸው ዝምታ ግን ከልጁ ሳቅ ይልቅ አመመኝ።

መቼም ሰው ሲስት የሚወቅሰው አያጣም። እኔ ምላጩን ወቀስሁ። ወቀሳዬም ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። ጣቴን ስስበው መጀመሪያ ልል ሆኖ ረጅም መንገድ ይመጣል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጨክኜ ስጫነው ደግሞ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ እየተንገጫገጨ፣ መቼ እንደሚለቅ ሳይታወቅ ይሄዳል። አሁን ለቀቀ፣ አሁን ለቀቀ እያልሁ ስጠባበቅ ትከሻዬ ይኮማተራል፤ ዐይኔም ይጨፈናል።

በሻንጣዬ ከአንድ ጓደኛዬ የተዋስሁት ስለ አደን የሚናገር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። የጥሩ ጠመንጃ ምላጭ ቀላል መሆን እንዳለበት፣ ሲለቅም እንደ ቀጭን መስተዋት ቀጭ ብሎ መሰበር እንዳለበት ይናገራል። ያን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ስለ ጥንቃቄና ስለ ፍተሻ ነበር፤ እርሱን አላነበብሁትም። ይህ የእኛ የተማሪዎች ጠባይ ነው ብል የምትቆጡኝ አይመስለኝም፤ ለፈተና የማይመጣ የመሰለንን እናልፈዋለንና።

ሥራውን የጀመርሁት እንደ ሳይንቲስት ነው። አባባ ገበያ በወረዱበት ቀን ጠመንጃውን አወረድሁ፤ ጥይት እንደሌለበት ሁለት ጊዜ አየሁ፤ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጌ ከምሰሶው ጋር አሰርሁት። ከምላጩ ላይ 5 ሊትር የሚይዝ የዘይት ጀሪካን በገመድ አንጠለጠልሁና በብርጭቆ እየለካሁ ውሃ አፈሰስሁበት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ሚዛን አያስፈልግም። 3 ሊትር ሞልቶ ጥቂት እንዳለፈ መምቻው ቀጭ አለ። ሦስት ኪሎ! በመጽሐፉ የተመሰገነው ምላጭ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሆንም። አባባ 50 ዓመት ሙሉ በከንቱ ሲደክሙ ኖረዋል ብዬ አዘንሁላቸው።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጥይቱን አስገብቶ የሚዘጋው ብረት፣ መዝጊያው፣ በውስጡ በጠንካራ ሞላ የሚገፋ መምቻ አለው። የመዝጊያው እጀታ ሲነሣ መምቻው ወደ ኋላ ይጎተታል፤ መዝጊያው ሲዘጋ ደግሞ አንዲት የብረት ጥርስ ከሥር ብቅ ብላ የመምቻውን ጅራት ትይዘዋለች። ያ ሁሉ የሞላ ኀይል ተጠምዶ የሚቆየው በዚች ጥርስ ጫፍ ላይ ነው። ምላጩ ሲሳብ ጥርሲቱን ወደ ታች ያወርዳታል፤ መምቻው ያመልጣል፤ ጥይቱም ይተኮሳል። በምላጩ ራስ ላይ ሁለት ጉብታዎች አሉ። የፊተኛው ጉብታ ጥርሲቱን በቀላሉ ብዙ ያወርዳታል፤ ልሉ መንገድ ይህ ነው። የኋለኛው ሲነካ ስበቱ ይጠነክራል፤ የቀረችውን ጥቂት መንገድ የሚጨርሰው እርሱ ነው። ይህን ሁሉ በዚያን ቀን ፈትቼ በዐይኔ አየሁት። አየሁት እንጂ ግን አላስተዋልሁትም።

የጥርሲቱን ጫፍ ባሳጥራት ምላጩ የሚጓዘው መንገድ ያጥራል ብዬ አሰብሁ። ሞረዱ መጀመሪያ በመስተዋት ላይ እንደ ተያዘ ተንሸራተተ፤ አልበላም አለ። ታገልሁት። ጥቂት ቆይቶ በድንገት መብላት ጀመረ፤ ብረቱም ለሰለሰልኝ። እኔ ይህን እንደ ድል ቆጠርሁት። ከዚያ ጥርሲቱን ወደ ላይ ከሚገፋት ትንሽ ሞላ ላይ ሁለት ቀለበት በፒንሳ ቆረጥሁ። ገጣጥሜ በውሃ ስለካው 1 ሊትር ሳይሞላ ለቀቀ። ባዶውን ጠመንጃ እያነጣጠርሁ 20 ጊዜ ያህል ሳብሁት። እውነቱን ልናገርና ደስ ይል ነበር፤ ጣት ገና ሲያስበው የሚለቅ ይመስላል። ጠመንጃውን ወደ ምሰሶው መለስሁ፤ ለአባባ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ሌላ ቀን ተኩሰው ሲገረሙ ያን ጊዜ በኩራት ልነግራቸው አስቤ ነበር።

የተገረሙት ግን በሌላ መንገድ ነው። ከአራት ቀን በኋላ፣ ዝናብ ባባራበት ሌሊት፣ ውሻው አበደ፤ በጎቹም በረቱ ውስጥ ተተረማመሱ። አባባ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ጠመንጃውን አውርደው ወጡ። የአክስቴ ልጅ ባትሪ ይዞ ከፊታቸው ቆመ፤ እኔ ከኋላ ነበርሁ። አባባ ጥይት አስገብተው መዝጊያውን ገፉ፤ እጀታውንም ወደ ታች መለሱ። እጃቸው ከእጀታው ሳይላቀቅ ጠመንጃው ጮኸ።

ከማዶ ያሉ ጎረቤቶች «መቱት ወይ? መቱት ወይ?» እያሉ ተጣሩ። አባባ ቀስ ብለው፣ «እኔ አልተኮስሁም» አሉ። የተናገሩት ለጎረቤት አልነበረም፤ ለራሳቸው ነበር።

ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ። ወደ ሰማይ የሄደውም በዕድል አይደለም። አባባ መዝጊያ ሲዘጉ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያቀናሉ፤ በጨለማም ቢሆን፣ በጥድፊያም ቢሆን፣ ከእንቅልፍ ተነሥተውም ቢሆን። አባታቸው በልጅነታቸው በአርጩሜ ያስተማሯቸው ልማድ ነው። ልጁ ከፊታቸው ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ቆሞ ነበር። ባትሪውን አልጣለም፤ ብርሃኑ ግን የበረቱ ግድግዳ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል።

አሁን የሚያሳፍረኝን ክፍል ልናገር። በማግስቱ አባባ ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ረጅም ጊዜ አዩት። እኔም ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ «ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ ያውቃል እንዴ?» አልኋቸው።

«አያውቅም» አሉ። «አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ። የሰው ነፍስ ሳያጠፋ ለወረዳው አስረክቤው ልረፍ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልሁ። የአባታቸውን ጠመንጃ የሚሰናበቱትን ሽማግሌ እያየሁ፣ ከአንድ መሶብ አብሬያቸው እየበላሁ፣ ዝም አልሁ። ምክንያትም አላጣሁም፤ በእርግጥም አሮጌ ነው፣ ከቤት ቢወጣ ይሻላል እያልሁ ራሴን አሳምን ነበር። የተማረ ሰው ለዝምታው እንኳ የክርክር ነጥብ ያዘጋጅለታል።

በሦስተኛው ቀን እማማ ጠመንጃው የሚጠቀለልበት ንጹሕ ነጠላ ከሣጥን ሲያወጡ አየሁና አልቻልሁም።

«አባባ፣ እኔ ነኝ የሞረድሁት» አልሁ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «የቱን?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ፈትቼ አሳየኋቸው። ጥርሲቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሷት።

«ይህችን ነው ያሳጠርሃት?»

«አዎ።»

«ምን አድርጋህ?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ የፈተና ጥያቄ ቀርቦልኛል፤ እንደዚህ የከበደኝ ግን የለም። ምን አድርጋህ?

አባባ ወደ ከተማ ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ አንድ በጡረታ ያሉ አምሳ አለቃ አሉ፤ ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት በመሣሪያ ጥገና ሥራ ያሳለፉ ናቸው። ጥርሲቱን በአጉሊ መነጽር አዩና ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ልጄ፣ ድፎ ዳቦ ታውቃለህ?» አሉኝ። «ይህ ብረት እንደ ድፎ ነው። ከላይ በእሳት የጠነከረ ስስ ቅርፊት አለው። ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ የተደረገውም እንዳይሰበር ነው። ሞረድህ መጀመሪያ አልበላም ብሎህ አልነበረም? እምቢ ያለህ ቅርፊቱ ነው። በኋላ የለሰለሰልህ ልቡ ላይ ስለ ደረስህ ነው። አሁን ልቡ ከጫፍ ወጥቷል፤ በየተኩሱ ይበላል፤ ማዕዘኑም ይዶለዱማል። ሞላውንም ስለ ቆረጥኸው ጥርሲቱ በጊዜ ብቅ ብላ መያዝ አልቻለችም። በጠርዟ ብቻ ይዛ አመለጣት።»

«ሦስት ኪሎ ግን አልበዛም?» አልሁ፤ አሁንም ክርክሬን አልተውሁም ነበር።

«ሦስት ኪሎው ለወታደር ነው» አሉ። «ወታደር ይሮጣል፤ ይወድቃል፤ ጣቱ በብርድ ይደነዝዛል፤ ጠመንጃው ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ጥርሲቱ መምቻውን በጥልቀት እንድትይዝ ተደረገ። በጥልቀት ከያዘች ደግሞ ምላጩ ረጅም መንገድ መሄዱ ግድ ነው። ታዲያ ረጅሙን መንገድ ቀላል፣ መጨረሻውን አጭር ያደረጉት ሁለቱ ጉብታዎች ናቸው። ተኳሹም ሳይቸገር፣ ጓደኛውም ሳይሞት እንዲውሉ የተደረገ ዕርቅ ነው። አንተ ዕርቁን ጉድለት ነው ብለህ አፈረስኸው።»

አንገቴን ደፋሁ። አምሳ አለቃው ግን ወደ አባባ ዞር ብለው፣ «እርስዎም ከወቀሳ አያመልጡም» አሉ። ከምላጩና ከጥርሲቱ መካከል በስንጥር ጥቁር ነገር ፍቀው ወረቀት ላይ አኖሩ። እንደ ሙጫ የደረቀ፣ የገብስ ገለባና አቧራ የተጣበቀበት ነገር ነው።

«በምንድን ነው የሚቀቡት?»

«በኑግ ዘይት ነዋ» አሉ አባባ፤ «አባቴም በእርሱ ነበር።»

«የኑግ ዘይት ለወጥ ነው። የተልባም እንዲሁ። አየር ሲያገኘው ይደርቃል፤ ይጠጥራል። ያ ሲንገጫገጭ የኖረው ብረቱ አይደለም፤ የ50 ዓመት ወጥ ነው።»

አባባ ሳቁ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ የባለሙያ ሥራ ምን እንደሆነ አየሁ። አምሳ አለቃው ከተሰበረ የዚሁ ዓይነት ጠመንጃ የተረፈ ደኅና ጥርስና ሞላ አወጡ፤ የተሞረደችውን ጥርስ «ያንተ ናት» ብለው ለእኔው ሰጡኝ። የቀሩትን ብረቶች በነጭ ጋዝ አጠቡ፤ በአሮጌ የጥርስ ቡሩሽ ፈተጉ፤ አደረቁ። የእንጨቱ ቀዳዳ በክረምት እርጥበት አብጦ የምላጩን ጎን ይነካ ስለ ነበር እዚያ ላይ ጥቂት ፋቁ። ሁለቱን ጉብታዎች እጅግ በለሰለሰ የመሳያ ድንጋይ፣ ዘይት ጠብ እያደረጉ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ አሹ፤ ሻካራው እስኪጠፋ እንጂ ቅርጹ እስኪለወጥ አይደለም። የጥርሲቱን ጫፍ ጨርሶ አልነኩም። በመጨረሻ ቀጭን የመሣሪያ ዘይት በጠብታ ሰጡት፤ ብዙ ዘይት በደጋ ብርድ ይወፍራል፣ አቧራም ይሰበስባል እያሉ።

ቀጥሎ እኔ ያላነበብሁት ምዕራፍ መጣ። ባዶውን ጠመንጃ መዝጊያውን በኀይል 10 ጊዜ ዘጉት። መምቻው እንደ ተጠመደ ሰደፉን ከእንጨት ወለል ጋር ደጋግመው አጋጩት፤ ጎኑንም በጎማ መዶሻ መቱት። መቆለፊያውን ቆልፈው ምላጩን ሳቡ፤ ከዚያ ምላጩን ለቀው መቆለፊያውን ከፈቱት። መምቻው አንድ ጊዜም አላመለጠም። «አንድ ጊዜ ቢያመልጥ ኖሮ ከዚህ ቤት አይወጣም ነበር» አሉ። እኔ ግን ጠመንጃዬን የፈተንሁት ደስ ማለቱን ብቻ ነበር።

ወደ ቤት እንደ ተመለስን ጀሪካኑን አንጠለጠልን፤ በዚህ ጊዜ ውሃውን ያፈሰሱት አባባ ራሳቸው ናቸው። 3 ሊትር ሊሞላ አንድ ብርጭቆ ያህል ሲቀረው ለቀቀ። ክብደቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። ለጣት ግን ሌላ ጠመንጃ ሆኗል። ልሉ መንገድ ለስለስ ብሎ ይመጣል፤ ይቆማል፤ እዚያ ላይ ትንፋሽ ይያዛል፤ ከዚያ ሳይንገጫገጭ ይለቃል። ለካስ ያስቸገረኝ ክብደቱ አልነበረም፤ መንገጫገጩ ነበር።

አምሳ አለቃው ስንለያይ የቤት ሥራ ሰጥተውኝ ነበር። በባዶው ጠመንጃ ላይ፣ ከአፈሙዙ አጠገብ፣ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን እንድስብ ነው። በመጀመሪያው ቀን 20 ጊዜ ስቤ 17 ጊዜ ወደቀብኝ። የአክስቴ ልጅ ይቆጥርልኝ ነበር፤ ሳንቲሙንም እያነሣ ይሰጠኝ ነበር። ወደ ትምህርቴ ልመለስ ስል ከ20 የሚወድቀው አንድ ወይም ሁለት ሆነ። ድንጋዩን ያሳተኝ ምላጩ ብቻ አልነበረም፤ ጣቴም ነበር። ጣትን ደግሞ በሞረድ አያቃኑትም።

እንግዲህ ነገሩን ሳስበው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። አባባ ቆሻሻውን የብረቱ ጠባይ ነው ብለው 50 ዓመት ተሸከሙት። እኔ የብረቱን ጠባይ ቆሻሻ ነው ብዬ በአንድ ከሰዓት ሞረድሁት። የሳቸው ስሕተት ጣት አደከመ፤ የእኔ ስሕተት ሕፃን ሊገድል ነበር። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ናቸው ብዬ ራሴን አላጽናናም። ሆኖም የሁለታችንም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ ይህ ጥንካሬ ምን ይዞ ነው የጠነከረው ብለን አልጠየቅንም። ቢጠየቅ ኖሮ አንዱ ክፍል ታጥቦ የሚወርድ እድፍ፣ ሌላው ክፍል ደግሞ ሞትን ይዞ የቆመ ጥርስ መሆኑ ይታወቅ ነበር።

በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ይህ ደንብ ይጠነክራል፤ ይውደቅ» ሲል፣ ሌላውም ተነሥቶ «ከጥንት የነበረ ነው፤ አይነካ» ሲል በሰማሁ ቁጥር እጄን ወደ ኪሴ እሰዳለሁ። የተሞረደችው ጥርስ እዚያ አለች። አንዳንድ ጓደኞቼ በክርክር ላይ ለምን ቶሎ እጄን እንደማላወጣ ይጠይቁኛል። ፈሪ ሆኜ አይደለም፤ ነጭ ጋዙን የምጠላም አይደለሁም። መጀመሪያ ጀሪካኑን ማንጠልጠል፣ ከዚያ ፈትቶ ማየት፣ ከዚያ ማጠብ፣ ከሁሉም በኋላ ገና ስለ ሞረድ መነጋገር ይሻላል ብዬ ነው።

ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ነበርሁ። ነጯን ድንጋይ በሁለተኛው ጥይት መታኋት። የኑግ ዘይቱ ወደ ወጥ ቤት ተመልሷል። አባባም ማታ ማታ ለአክስቴ ልጅ በባዶው ጠመንጃ መዝጊያ ሲዘጋ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ማቅናት ያስተምሩታል፤ ያለ አርጩሜ።